ሳናሟሙቅ አንገባም

በኋላ ልጆቹ «እትዬ ጉልበት» የሚል ስም ያወጡላት ሴት ያን ጊዜ ገና የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ብቻ ነበረች። የምትሠራበት ክፍል ምድር ቤት፣ ከራጅ ክፍሉ አጠገብ ነው። ሁለት አልጋ፣ አንድ የትም የማይሄድ ብስክሌት፣ ግድግዳው ላይ የተመታ የእንጨት መሰላል፣ ጥግ ላይ የተቆለሉ ትልልቅ የጎማ ኳሶች አሉት። ስብራታቸው የገጠመላቸው ሽማግሌዎችና ቁጭ ብለው በመዋል ወገባቸው የተያዘ የቢሮ ሠራተኞች ይመጡላታል። ከአንዱ ጋር ትቀልዳለች፣ ሌላውን ትቆጣለች፣ ብቻ ሳታሠራው የምትለቀው ሰው የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአጥንት ሐኪሙ አንዲት ልጅ ላከባት። ልጅቷ እናቷ ትከሻ ላይ ተንጠልጥላ፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ገባች። ግራ ጉልበቷ አብጦ ሱሪዋን ወጥሮታል።

«ማን መታሽ?» አለቻት፣ አልጋው ላይ እያስቀመጠቻት።

«ማንም።»

«ተጋጭተሽ ነው?»

«አይ። ኮርነር ተሻማ፣ ዘልዬ በቴስታ መታሁ፣ ወረድኩ፣ በቃ። ቷ ሲል ራሴ ሰማሁት።»

ፊዚዮቴራፒስቷ የልጅቷን ማሊያ አየች። ማሊያውን ታውቀዋለች። ከዚህ ቡድን በዚህ ዓመት ሦስተኛዋ ልጅ ናት። የመጀመሪያዋ እየሮጠች ድንገት ስትታጠፍ፣ ሁለተኛዋ ኳስ ለማቆም እግሯን ስትተክል ነበር የተጎዱት። ሦስቱንም ሰው አልነካቸውም።

ልጅቷ የክንፍ ተጫዋች ናት፤ ከፍጥነቷ የተነሳ «ጥይት» ይሏታል። የጉልበቷ ጅማት ተበጥሷል። ቀዶ ጥገና ይጠብቃታል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ወራት የሚፈጅ ልምምድ።

«እትዬ፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ እደርሳለሁ አይደል?»

«የኔ ቆንጆ፣ ዘንድሮን እርሺው።»

ጥይት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቷ የልጇን አንድ እግር ጫማ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ፊዚዮቴራፒስቷን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን ሌላ ነገር ነው። የቡድኑ አሰልጣኝ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነበር።

ወንድሟ ከአስራ ሰባት ዓመት በታች ያሉ ሴቶችን ያሠለጥናል። ፊሽካውን ከአንገቱ አያወልቅም፤ ተኝቶም ያንኮራፋበታል እየተባለ ይቀለድበታል። በዚህ የተነሳ ሁሉም ሰው የሚያውቀው «ጋሼ ፊሽካ» በሚለው ስሙ ነው። ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱን አውልቆ ለተጫዋች የሚያለብስ፣ የታመመች ልጅ ካለች ቤቷ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ ሰው ነው። ደግ ነው፣ ግን ግትር ነው። አንድ ነገር አይሆንም ካለ በሬ አይመልሰውም።

እሁድ እናታቸው ቤት ተገናኙ። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው። መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ለቡድኑ አዳዲስ ማሊያዎች ቁጥር ይሰፋሉ።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጆችህን ምን እያደረግሃቸው ነው?» አለች ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«ሦስት ጉልበት በአንድ ዓመት!»

«ዕድል ነው እህት ዓለም። ይኼ ኳስ ነው፣ ዳማ አይደለም።»

«ዕድል ቢሆን አንዷ እንኳን ተመትታ ትመጣ ነበር። ሦስቱም ብቻቸውን ናቸው የወደቁት። ከልምምድ በፊት ምን ታሠራቸዋለህ?»

«ሰው የሚያሠራውን። ሜዳውን ይዞራሉ፣ ቆመው እግራቸውን ይስባሉ፣ ጎል ይመታሉ። አለቀ።»

«ዘለው እንዴት እንደሚያርፉ ያሳያቸው ሰው አለ?»

«መዝለሉን ነው እንጂ ማረፉን ምን ያስተምሩታል? መሬቱ ራሱ ይቀበላቸዋል!»

«ተቀበላቸው እኮ» አሉ እናታቸው፣ እግራቸውን ከመርገጫው ሳያነሱ።

ጋሼ ፊሽካ እናቱን በቅሬታ አያቸውና ወደ እህቱ ዞረ። «ስሚኝ፣ እነዚህ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ጉልበት ነው! ጉልበት!»

«እሱን እኮ ነው እየጨረስክባቸው ያለኸው!»

«በእኛ ጊዜ ማን አሟሙቆ ያውቃል?»

«በእናንተ ጊዜ! አንተ በስንት ዓመትህ ነበር ኳስ ያቆምከው?»

መልሱን ሦስቱም ያውቁታል። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ስለ እሱ ጋዜጣ መጻፍ በጀመረበት ወቅት አንድ ቀን ባዶ ሜዳ ላይ ታጥፎ ወደቀ፣ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። እጁ ሳያስበው ቀኝ ጉልበቱ ላይ ሄዶ አረፈ። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እህቱ ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ቆጫት፤ ግን አልመለሰችውም። እሱም ተነሥቶ፣ ደህና ዋሉ እንኳን ሳይል ወጣ።

ግትርነቱን የሰበረው የእህቱ ክርክር አልነበረም። በዚያው ሳምንት የመሐል ተጫዋቾቹ መንትያዎች አባት ሜዳ ድረስ መጣ። ሰውየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ብዙ አይናገርም። ሁለቱን ልጆቹን በሁለት እጁ ይዞ እንዲህ አለው፦ «አሰልጣኝ፣ እነዚህን በአራት እግራቸው ነው የሰጠሁህ። በአራት እግራቸው እወስዳቸዋለሁ።»

ጋሼ ፊሽካ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደከተተ ቀረ። ሰውየው ልጆቹን ይዟቸው ሄደ። በነጋታው ለእህቱ ደወለላት።

«ስንት ደቂቃ ነው የምትፈልጊው?»

«ከየልምምዱ በፊት ሃያ።»

«አስራ አምስት።»

«ገበያ መሰለህ እንዴ? ሃያ ነው አልኩህ።»

«እሺ። ግን ልጆቼን የሆስፒታል በሽተኛ እንዳታስመስያቸው።»

ሜዳው ከአንድ ትልቅ መጋዘን ጀርባ ነው። ሣሩ መሐል መሐሉን ተመልጧል፤ አጥሩ ላይ ያለ ቀዳዳ ከጎረቤት ሜዳ ጋር ያገናኛል። ጎረቤቶቹ ደግሞ የዋንጫ ተቀናቃኞቻቸው ናቸው፤ ከወንዝ ማዶ ስለሚመጡ «ማዶዎቹ» ይሏቸዋል። እህትየው የመጀመሪያ ቀን ነጭ ጋወኗን ለብሳ፣ የስፖርት ጫማ አድርጋ ስትመጣ የቡድኑ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ።

መጀመሪያ በቀስታ አስሮጠቻቸው፤ ጉልበታቸውን ወደ ውጭ እየከፈቱ፣ ወደ ውስጥ እየመለሱ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትከሻ ለትከሻ እየተላተሙ። ከዚያ በአንድ እግር ቆመው ኳስ እንዲወራወሩ አዘዘች። አምበሏ በረኛዋ ናት። ከሁሉም ቁመቷ ረዘም፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ ስለሆነ «ግድግዳ» ይሏታል። አንድ እግሯን ገና ከማንሳቷ ተንገዳግዳ ጓደኞቿ ላይ ተዘረረች።

«ግድግዳው ፈረሰ!» ብለው በሳቅ ሞቱ።

ከአጥሩ ወዲያ ማዶዎቹ ልምምዳቸውን አቁመው በቀዳዳው ይመለከታሉ። «እናንተ! ዳንሱ መቼ ነው የሚጀመረው?» አለች አንዷ።

ግድግዳ ልብሷን አራግፋ ተነሣችና እንደገና በአንድ እግሯ ቆመች። ፊቷ ቀልቷል። «እትዬ፣ ቀጥይ» አለች።

እትዬም ቀጠለች። ተንበርክከው፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚታቸውን ይዛላቸው፣ ቀጥ እንዳሉ ቀስ ብለው ወደ ፊት እንዲያዘነብሉ አሳየቻቸው። «የጭናችሁ ጡንቻ ነው እንዲይዛችሁ የምፈልገው፣ አፍንጫችሁ አይደለም!» አለቻቸው። በክርናቸው ተደግፈው ሆዳቸውን እንዲያጠብቁ አደረገች። መጨረሻ ላይ ወደ ዝላዩ መጡ።

«ስታርፉ ድምፅ መስማት አልፈልግም። እንደ ሌባ ውረዱ! ጉልበት እጥፍ ይበል። ደግሞ ሁለቱ ጉልበቶቻችሁ ወደ ውስጥ ገብተው እንዳይሳሳሙ። ጅማት የሚበጠሰው ሲሳሳሙ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እትዬ ጉልበት» ሆነች።

ጥይት ቀዶ ጥገናዋን ጨርሳ በክራንች መምጣት ስትጀምር ዳር ላይ ተቀምጣ ሣር ትነጭ ነበር። እትዬ ጉልበት አጠገቧ ሄዳ ቁጢጥ አለች።

«ዓይንሽም ተበጥሷል እንዴ?»

«አልተበጠሰም።»

«እንግዲያው ምን ያስቀምጥሻል? እኔ አንድ ነኝ፣ እነሱ ብዙ ናቸው። የማንኛዋ ጉልበት ወደ ውስጥ እንደሚገባ ተመልከቺልኝ።»

ጥይት መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው። ብዙም ሳይቆይ ለይቶላት አምባገነን ሆነች። ክራንቿን እንደ መምህር አለንጋ እየቀሰረች በመካከላቸው ትዘዋወራለች። «አንቺ ስድስት ቁጥር፣ ተሳሳሙ! አየሁሽ! ድገሚ!» ትላለች። ልጆቹ ከአሰልጣኙ ይልቅ እሷን መፍራት ያዙ።

ሁሌ ግን እንደዚህ ሞቅ ያለ አልነበረም። ሳምንታት ሲያልፉ ሰለቻቸው። ያው ሩጫ፣ ያው ዝላይ፣ ያው መንበርከክ። ጋሼ ፊሽካም ሰዓቱን ማየት ያበዛል። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንዲት ተከላካይ ቁርጭምጭሚቷ ወለም ሲላት «ይኸው! ማሟሟቅሽ የታል?» ብሎ እህቱን ገላመጣት።

«ወንድም ጋሼ፣ ጉዳት ጨርሶ ይጠፋል አላልኩህም፤ ይቀንሳል ነው ያልኩህ። ወለምታና የተበጠሰ ጅማት አንድ ነው?»

ልጅቷ ብዙ ሳትቆይ ወደ ሜዳ ተመለሰች። ጋሼ ፊሽካም ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ማየት ተወ።

የመንትያዎቹ አባት በዚያ ሰሞን ከአጥሩ ውጭ መቆም ጀመረ። መኪናውን አቁሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ማሟሟቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያያል፤ ከዚያ ይሄዳል። አንድ ቀን የመኪናው በር ሲከፈት መንትያዎቹ ታኬታቸውን አድርገው ወረዱ።

የውድድሩ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ልዩነቱ ለዓይን ታየ። ሌሎቹ ቡድኖች በየሳምንቱ አንድ አንድ ልጅ ይጎድልባቸዋል፤ የጋሼ ፊሽካ ተጠባባቂ ወንበር ግን ሙሉ ነው። አንድ ምሽት እናቱ ቤት ተቀምጦ «ማንን አሰልፌ ማንን እንደማስቀምጥ ግራ ገባኝ» እያለ አማረረ።

«ይኼንን ነው ችግር ብለህ የምታወራው?» አለችው እህቱ።

እሱም ሳቅ አመለጠው።

እንዲህ እያሉ ለዋንጫ ደረሱ። ተጋጣሚያቸው ማዶዎቹ ናቸው።

ጨዋታው የሚደረገው ከከተማው ሌላ ጫፍ ባለው ትልቁ ሜዳ ነበር። በጊዜ ነው የተነሡት፤ ግን መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶታል። አውቶቡሱ ቆመ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ጋሼ ፊሽካ በመስኮት አንገቱን አወጣ፣ መለሰ፣ ደግሞ አወጣ። ፊቱ ላይ ላብ ወረደ።

በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ ልጆቹ ዞረ። «ስሙኝ። መንገዱ ሲከፈት ሮጠን በቀጥታ ነው የምንገባው። ማሟሟቁ ለዛሬ ይቅር። አንድ ቀን ነው፣ ምንም አትሆኑም።»

እትዬ ጉልበት ፊት ወንበር ላይ ነበረች። እውነቱን ለመናገር እሷም በሐሳቧ እያሳጠረችው ነበር፤ ቢያንስ ዝላዩን ብቻ ልትል አፏን ስትከፍት ከኋላ ግድግዳ ተነሣች። ጭንቅላቷ የአውቶቡሱን ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ሳናሟሙቅ አንገባም።»

«ምን አልሽ?»

«አንገባም።»

«የዋንጫ ጨዋታ ነው እኮ ልጄ!»

«ለዚያ እኮ ነው!» አሉ መንትያዎቹ ባንድ ድምፅ። ከዚያ ሁሉም ተነሡ።

ጋሼ ፊሽካ እህቱን አየ። እህቱ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ ታያለች፤ ፊቷን ቢያየው ምን ያህል እንደኮራች ይገባው ነበር።

«ሾፌር፣ በሩን ክፈትልን!» ብላ የጮኸችው ጥይት ናት። ክራንቿን ጥላለች፤ ጉልበቷ ላይ ማሰሪያ አድርጋ ትራመዳለች እንጂ ገና መሮጥ አልተፈቀደላትም። «ከዚህ እስከ ሜዳው ሩቅ አይደለም። መንገዱ ላይ እናሟሙቃለን!»

ወረዱ። ማሊያ የለበሱ ሴት ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው በቆሙት መኪኖች ጎን፣ በእግረኛ መንገዱ ላይ መሮጥ ጀመሩ። ጉልበት ወደ ውጭ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ። መንገድ የተዘጋባቸው ሾፌሮች ጥሩምባቸውን ነፉላቸው። አንድ ፀጉር አስተካካይ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፤ ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ደንበኛውም ተከትሎት ወጣ። ጥይት በእርምጃ ወደ ኋላ ስትቀር የውኃ ጠርሙስ በእጅ ጋሪ የሚያመላልስ ሰው «ነይ ውጪ!» አላት። ባዶ ጋሪው ላይ ተቀምጣ፣ ሰውየው እየገፋት፣ «አስር ቁጥር፣ ተረከዝሽን አንሺ! አንቺ፣ የምታዪው ሰው ነው ወይስ ጉልበትሽን?» እያለች ከተማውን አናጋችው።

መንገድ ዳር አንድ ጎሚስታ ደጅ ያለው ሲሚንቶ ለጥ ያለ ነበር። እዚያ ቆሙና ተንበርክከው አዘነበሉ፣ በአንድ እግር ቆሙ፣ ዘለሉ። ጎሚስታው የሚነፋውን ጎማ ትቶ አፉን ከፍቶ ያያል። ልጆቹ ሁሉ ዘለው ሲያርፉ አንዲት ኮሽታ አልተሰማችም። «ወይ ጉድ፣ ጫማቸው ጥጥ ነው እንዴ?» አለ። የትራፊክ ፖሊሱ መስቀለኛው ላይ እጁን ዘርግቶ መኪናውን ሁሉ አቆመላቸው። ከኋላቸው ጋሼ ፊሽካ የኳሶቹን ከረጢት ተሸክሞ፣ እያነከሰም ቢሆን፣ ይሮጣል። ፊሽካውን በየእርምጃው ይነፋል፤ ማንን እንደሚያዝ ግን እሱም አያውቅ።

ሜዳው ላይ ሲደርሱ ዳኛው ሰዓቱን እያየ ነው። ማዶዎቹ ቀድመው ገብተው፣ ትንሽ ተሯሩጠው፣ ሲጠብቁ ሲጠብቁ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቀዝቅዘዋል።

«ለማሟሟቅ የምሰጣችሁ ጊዜ የለኝም» አለ ዳኛው።

ግድግዳ ላቧን በክንዷ ጠረገች። «አሟሙቀን ነው የመጣነው።»

ጨዋታው ግን ቀላል አልነበረም። ማዶዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ከእረፍት በፊት አንድ አገቡ። ከእረፍት በኋላ ግን አንዷ ባቷን ይዟት ወጣች፣ ሌላዋ ጭኗን ይዛ ማነከስ ጀመረች፣ ተቀያሪ አልቆባቸው አሰልጣኛቸው ባዶውን ወንበር ያያል። የጋሼ ፊሽካ ልጆች ገና አሁን የገቡ ይመስል ይሮጣሉ። ታላቋ መንትያ ከሩቅ መትታ አቻ አደረገቻቸው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኮርነር አገኙ። ኳሱ ተሻማ። ታናሿ መንትያ በሦስት ተከላካዮች መሐል ወደ ላይ ተነሣች፣ ከሁሉም በላይ ዘለለች፣ በቴስታ መታችው። ተመልካቹ ሁሉ ኳሱን ተከተለ። ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ያሉት ግን፣ ጋሼ ፊሽካም እትዬ ጉልበትም ጭምር፣ አንዳቸውም ኳሱን አላዩም። የልጅቷን ሁለት ጉልበቶች እያዩ ነበር። ልጅቷ ወረደች። በሁለት እግሯ፣ እጥፍ ብላ፣ ያለ ድምፅ።

«አልተሳሳሙም!» ብላ ጥይት ጮኸች።

መረቡ ተርገብግቦ፣ ሜዳው በጩኸት ተናግቶ፣ ልጆቹ አንዷ በሌላዋ ላይ ተከምረው ነበር ጎል መሆኑ የገባቸው።

የዳኛው የመጨረሻ ፊሽካ ሲነፋ ጋሼ ፊሽካ እህቱን ከመሬት አነሣት። «እህት ዓለም፣ ጎሉን አላየሁትም!» አለ እንባውና ሳቁ ተደባልቆ።

«እኔስ መቼ አየሁት!»

ዋንጫውን ግድግዳ ከፍ አድርጋ ስታነሣ አንዲትም ልጅ ወንበር ላይ የቀረች አልነበረችም። ጥይትን ለአራት ተሸክመው መሐላቸው አስገቧት፤ እሷም «ቀስ በሉ፣ ጉልበቴን!» እያለች ትጮህባቸዋለች። የጥይት እናት ከተመልካቹ መሐል እልልታዋን አቀለጠችው። የመንትያዎቹ አባት አጥሩን አልፎ ገብቶ የጋሼ ፊሽካን እጅ ጨበጠ፣ አሁንም ብዙ አልተናገረም፣ ግን እጁን ቶሎ አለቀቀውም። በስተመጨረሻ የማዶዎቹ አሰልጣኝ፣ አንዲት የምታነክስ ተጫዋች ደግፎ፣ ወደ እትዬ ጉልበት መጣ።

«እትዬ፣ እኛንም ታሳይናለሽ?»

መልሷን ሳይጠብቅ ጋሼ ፊሽካ ቀደመ። «ቅዳሜ ጠዋት ኑ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳይሆን በበሩ ግቡ።»

ጥይት ወደ ጨዋታ የተመለሰችው በቀጣዩ ዓመት ውድድር ላይ ነው። ሐኪሙ ፈቅዷል፣ እትዬ ጉልበትም ምድር ቤት ባለው ክፍሏ በአንድ እግሯ አስዘልላ፣ አስሩጣ፣ አስጎንብሳ፣ የምትፈልገውን ሁሉ አይታለች። ያም ሆኖ ልጅቷ ተቀይራ ስትገባ እትዬ ጉልበት እስከ መስመሩ ድረስ ተከትላት ሄደች።

ጥይት የመጀመሪያውን ኳስ ተቀብላ በመስመሩ በኩል እንደ ድሮዋ ተፈተለከች። አንዷ ተከላካይ ከጎን መጥታ ጠለፈቻት። ተንከባልላ ወደቀች። ተጠባባቂ ወንበሩ በሙሉ ቆመ፤ ጋሼ ፊሽካ ወደ ሜዳው ሊገባ አንድ እግሩን አነሣ።

ጥይት ዘልላ ተነሣች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በቀጥታ ወደ ዳኛው ሄደች።

«ጥፋት አይደለም እንዴ ይኼ? ዓይንዎ የት ነው? ምን እያዩ ነው የዋሉት?»

ዳኛው ቢጫ ካርዱን ከኪሱ መዝዞ ፊቷ ላይ አነሣው። እትዬ ጉልበት ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ሆዷን ይዛ እስክታለቅስ ሳቀች።